አማካይ ውሃ ማሳ አያጠጣም፦ ስለ አዋሽ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ አዳማ የመስኖ አልሚዎችና የውሃ ባለሙያዎች በቴሌግራም ሲቀባበሉት የሰነበተ ጽሑፍ አለ፤ ስለ አዋሽ ነው። ስለ ውሃ ቁጥር ይዞ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር ጥቂት ስለሆነ ብዙ ሰው ቢወደው አይገርምም፤ አጻጻፉም ግልጽ ነው። ችግሩ፣ ቁጥሮቹ ለየብቻ ሲታዩ ትክክል ቢመስሉም ሲገጣጠሙ አለመያዛቸው ነው። በዚያ ስሌት ተማምኖ ወንዝ ዳር ሞተር የሚተክል አልሚ፣ ሽንኩርቱ ኮረት በሚይዝበት ወር የሞተሩን ጎማ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ሊያገኘው ይችላል።

ጽሑፉን ላላነበበ፣ ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው። የአዋሽ ተፋሰስ በዓመት 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የገጸ ምድር ውሃ ያመነጫል። ከዚህ 10 በመቶው ለወንዙ ህልውና ይቀመጥ። ከተሞች የሚጠጡት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የቀረው 4.4 ቢሊዮን በሄክታር 20 ሺህ ሜትር ኪዩብ ሂሳብ ቢካፈል 220 ሺህ ሄክታር ያለማል። ክረምትና በጋው አይመጣጠንም ለሚል ሰው፣ ታዲያ የቆቃ ግድብ ለምን ተሠራ? ይላሉ ጸሐፊው። ጠብታ መስኖ ከተስፋፋ ደግሞ ሌላ 40 በመቶ ይተርፋል። ያልተጠለፈው ውሃ አፋር ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ በከንቱ ይተናል፤ ስለዚህ የላይኛውን ተፋሰስ ተጠቃሚ «ለታቹ አስብ» እያሉ ማሰር ተገቢ አይደለም።

ከሚስማማኝ ልጀምር። ስለ ከተሞች ያሉት በመጠን ረገድ እውነት ነው። ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ በቀን በነፍስ ወከፍ 100 ሊትር ቢያገኝ 50 ሺህ ሜትር ኪዩብ ነው፤ በሰከንድ 580 ሊትር መሆኑ ነው። በከባድ የበጋ ወር አንድ ሄክታር በሰከንድ አንድ ሊትር ይፈልጋል የሚለውን የተለመደ መስፈሪያ ብንወስድ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚጠጣው 580 ሄክታር ማሳ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ግን የከተማ ውሃ የሚለካው በመጠኑ ብቻ አይደለም። ማሳ ከአምስት ዓመት አንዱን ቢጎድልበት ገበሬው ይከስራል፤ ከተማ ግን ሦስት ቀን ቢጎድልበት ሌላ ጣጣ ነው። በስምጥ ሸለቆው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ስለሆነ አዳማ የምትጠጣው ከቆቃ በታች ከአዋሽ የሚጠለፈውን ነው። የወንዙ ከፍታ ከመጥለፊያው አፍ በታች ከወረደ፣ ፍላጎቱ 580 ሊትር ብቻ መሆኑ አያድናትም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የቤት ውስጥ ፍጆታን ከሌላው ሁሉ ያስቀደመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ወደ 4.9 ቢሊዮኑ። ቁጥሩ ከብዙ ሰነዶች ላይ የሚገኝ ነው፤ ጸሐፊው አልፈጠሩትም። ነገር ግን ይህ የመላው ተፋሰስ ድምር ነው። ከሰም፣ ከበና፣ ቦርከና፣ ሚሌ፣ ሎጊያ ሁሉም አዋሽን የሚቀላቀሉት ከአዋሽ ከተማ በታች ነው። ሚሌ ላይ የወረደ ጎርፍ ሞጆ ላይ ቲማቲም አያጠጣም፤ ውሃ ወደ ላይ አይፈስም። ወደ ቆቃ የሚገባው የድምሩ ሲሶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ጸሐፊው የላይኛውን ተፋሰስ ድርሻ ያሰሉት ከሙሉው ነው። ስህተቱ በዚህ ቢያበቃ እንኳ 220 ሺህ ሄክታሩን ለመጣል ይበቃ ነበር።

ግን አላበቃም፤ ከዚህ የሚብሰው «በአማካይ» የምትለው ቃል ናት። ወንዝ አማካዩን ይዞ የሚፈስበት ዓመት የለም። ጥቂት የጎርፍ ዓመታት አማካዩን ወደ ላይ ስለሚጎትቱት፣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ዓመታት የሚመጣው ውሃ ከአማካዩ በታች ነው። በዚሁ አዋሽ እ.ኤ.አ. በ2015 ድርቁ ፈንታሌና አፋር ላይ ከብት ፈጀ፤ በ2020 ክረምት ደግሞ ወንዙ ከአልጋው ወጥቶ አፋር ውስጥ ሰው በአሥር ሺዎች አፈናቀለ። እነዚህን ሁለት ዓመታት ደምሮ ለሁለት ማካፈል ይቻላል፤ የሚወጣውን ውጤት ግን የትኛውም አርብቶ አደር አያውቀውም።

የመስኖ ባለሙያ የሚሠራበት አካሄድ ሌላ ነው። የ20 ዓመት መረጃ ካለ ዓመታቱን ከትልቁ ወደ ትንሹ ትደረድራለህ፤ የእያንዳንዱን ተራ ቁጥር ለ21 ታካፍላለህ። 17ኛው ላይ 81 በመቶ ይወጣል፤ ይህ ከአምስት ዓመት በአራቱ የማይጎድል መጠን ነው። ለመስኖ የሚፈቀደው ከዚህ ላይ ተነስቶ ነው፤ ለመጠጥ ከ95 በመቶ በላይ አስተማማኝ የሆነው ይያዛል። ለማስረዳት ያህል፣ አማካዩ 1.5 ቢሊዮን የሆነ ወንዝ 17ኛው ዓመቱ 1 ቢሊዮን ቢሆን፣ በጸሐፊው የ20 ሺህ መስፈሪያ ልዩነቱ 25 ሺህ ሄክታር ነው። ያ 25 ሺህ ሄክታር ያለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ይህንንም ለእያንዳንዱ ወር ለየብቻ መሥራት ያስፈልጋል። በነሐሴ 17ኛ ላይ የሚወጣው መጠንና በየካቲት 17ኛ ላይ የሚወጣው መጠን ፈጽሞ አይገናኙም።

በዚህ የተጎዳ የሌላ አገር ምሳሌ ካስፈለገ የኮሎራዶ ወንዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1922 የአሜሪካ ግዛቶች ወንዙን ሲካፈሉ ይዘውት የነበረው መረጃ ከዝናባማ ዓመታት የተሰበሰበ ነበር። ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ በድምሩ 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ አከፋፈሉ፤ በ1944 ለሜክሲኮ 1.85 ቢሊዮን ጨመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የወንዙ የተፈጥሮ ፍሰት አማካይ 15 ቢሊዮን ገደማ ነው። ውሉ እስካሁን ያጨቃጭቃል። አንድ ጊዜ በፊርማ የተሰጠን ውሃ መመለስ ከግድብ መሥራት ይከብዳል።

ከአማካይ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ጸሐፊው አልነኩትም። የተለካው ውሃ የማን ነው? ከቆቃ በታች በጥር ወር የሚለካው ፍሰት የአዋሽ የራሱ አይደለም፤ ክረምት ላይ ተጠራቅሞ እየተለቀቀ ያለ ነው። የተፈጥሮውን ለማግኘት የተለካው ላይ ከበላይ የተጠለፈውን መደመር፣ ከማሳ ዞሮ ወንዙ የሚገባውን ተመላሽ መቀነስ፣ የሐይቁን ክምችት ለውጥና ትነቱን ማስገባት ግድ ነው። የምሳሌ ቁጥር ይዘን እንሥራው። በጥር ከግድቡ በታች በሰከንድ 28 ሜትር ኪዩብ ተለካ። በበላይ በኩል የተጠለፈው ተመላሹ ተቀንሶለት 3 ነው። ሐይቁ በወሩ 70 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ጎደለ፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በሰከንድ 27 ይሆናል። 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ወለል ላይ 150 ሚሊ ሜትር ቢተን 22.5 ሚሊዮን፣ ማለትም በሰከንድ 8.7 ነው። እንግዲህ 28 ሲደመር 3፣ ሲቀነስ 27፣ ሲደመር 8.7፦ 12.7። ድልድይ ላይ ቆሞ 28 ያየ ሰው የወንዙን አቅም ከእጥፍ በላይ አጋኖ አይቷል ማለት ነው። ከቆቃ በላይ ያለ ሰው ከሐይቁ በላይ ባለው የሆምቦሌ መለኪያ ጣቢያ የሚለካውን ቢጠቀም ይህን ችግር በከፊል ያመልጣል፤ ከዚያ በላይ የተተከሉትን ሞተሮች ግን እሱም መቁጠር አለበት።

መለኪያው ራሱም ይዋሻል። በየጣቢያው በየቀኑ የሚነበበው የውሃ ከፍታ ነው እንጂ ፍሰት አይደለም፤ ከፍታው ወደ ፍሰት የሚለወጠው አስቀድሞ በተሠራ ቀመር ነው። በጋ ላይ ውሃው ከወለሉ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነበት፣ ክረምቱ ጥሎት የሄደ 5 ሴንቲ ሜትር ደለል ንባቡን ወደ 55 ያወጣዋል። ፍሰቱ ከከፍታው ስኩዌር ጋር የሚሄድ ከሆነ፣ ውሃው ሳይጨምር ወረቀቱ ላይ 21 በመቶ ይጨምራል። ቀመሩ ከየጎርፉ በኋላ እንደገና ካልተለካ፣ ሁሉም የሚሻማበት የበጋ ውሃ አንድ ስድስተኛው ገደማ ደለል ሊሆን ይችላል።

ወደ ቆቃ እንምጣ፤ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው። ግድብ ክረምቱን ለበጋ ያሻግራል ማለታቸው ልክ ነው። ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ባይሠራ ኖሮ የወንጂና የመተሐራ አገዳ ዛሬ የምናየው ስፋት ላይ አይደርስም ነበር። ነገር ግን ግድብ ውሃ አይፈጥርም፤ እንዲያውም ራሱ ይጠጣል። ከሐይቁ ወለል በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውሃ ይተናል። ወለሉን በአማካይ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ብንይዘው 300 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው፤ በጸሐፊው መስፈሪያ 15 ሺህ ሄክታር። በእሳቸው ሠንጠረዥ ውስጥ ለዚህ ውሃ መስመር የለውም።

ቀጥሎ ደለል። የቆቃ የመጀመሪያ አቅም ጉልህ ድርሻ ዛሬ ጭቃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፦ ደለል የሐይቁን ከፍታ አይቀንስም። መለኪያው ላይ ያው የድሮው ቁጥር ይነበባል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ግን አንሷል። በ1960ው የከፍታና የመጠን ሠንጠረዥ እየሠራ «ዘንድሮ ሞልቷል» የሚል ሰው፣ ሚያዝያ ላይ ውሃው የት ገባ ብሎ ሌባ ይፈልጋል።

ሦስተኛው የጎርፍ ጉዳይ ነው። ለመስኖ የሚያስበው ሰው ቆቃ በነሐሴ መጀመሪያ ሞልቶ ቢያይ ደስ ይለዋል፤ ከግድቡ ሥር ያሉት የወንጂ መንደሮች ግን በዚያን ጊዜ ባዶ ቦታ ቢኖረው ይመርጣሉ። ከሞላ ግድብ በላይ የሚመጣ ጎርፍ በቀጥታ ያልፋል። ስለዚህ ሙሉው አቅም ለመስኖ ነው ተብሎ ሊሰላ አይችልም።

ትክክለኛው ስሌት አሰልቺ ቢሆንም ከባድ አይደለም፤ ኤክሴል ላይ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የዛሬውን የሐይቅ ልኬት ትይዛለህ። ከ20 ዓመቱ የመጀመሪያ ወር ተነስተህ ያለፈው ወር ክምችት ላይ የገባውን ትደምራለህ፣ ትነቱንና የተለቀቀውን ትቀንሳለህ፣ ከአቅም በላይ የሆነው ፈሰሰ ትላለህ፤ እንዲህ እያልክ 240 ወር ትሄዳለህ። ከ20ው ዓመት ከአራት በሚበልጠው ፍላጎቱ ካልተሟላ ፍላጎቱን ቀንሰህ እንደገና። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥልህ አንድ ክፉ ዓመት አይደለም፤ ተከታትለው የመጡ ሁለት መካከለኛ ዓመታት ናቸው። የመጀመሪያው ሐይቁን ሳይሞላው ያልፋል፣ ሁለተኛው ባዶውን ያገኘዋል። በዓመታዊ አማካይ የሚያስብ ሰው ይህ አይታየውም።

ጠብታ መስኖ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም፤ በየስብሰባው የሚባል ነው። እዚህ ላይ የተጠለፈ ውሃና የተበላ ውሃ መለየት አለባቸው። ከወንዝ የተጠለፈ ሁሉ አይጠፋም። በቦይ ስናጠጣ ከሥር የሚሰርገውና በማሳው ጫፍ የሚወጣው ውሃ አብዛኛው ዞሮ ወንዙን ወይም ጉድጓዱን ያገኛል፤ ከታች ያለው ገበሬ የሚጠልፈው እሱን ነው። ለወንዙ የጠፋው ውሃ የተነነው ብቻ ነው።

አንድ ሄክታር ሽንኩርት በቦይ እንውሰድ። 10 ሺህ ሜትር ኪዩብ ተጠለፈ፤ ሰብሉ 5 ሺውን ተጠቀመ፣ 1,500ው ከቦዩና ከእርጥቡ መሬት ተነነ፣ 3,500ው ተመለሰ። ወንዙ ያጣው 6,500 ነው። አሁን ጠብታ ገባ፦ ያንኑ ሄክታር 6 ሺህ ይበቃዋል፤ ከዚህ ሰብሉ 5,100 ይጠቀማል። «40 በመቶ ተረፈ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ታዲያ የተረፈውን ለወንዙ ይመልሳል? ፈቃዱ 10 ሺህ ነው፤ ሞተሩም ገንዘብ የወጣበት ነው። 0.67 ሄክታር ይጨምርበታል። 1.67 ሄክታር ሰብል 8,500 ይጠጣል፤ ቀሪው 1,500 ሁሉ ተመለሰ ብንል እንኳ ወንዙ ያጣው ከ6,500 ወደ 8,500 አድጓል። ከላይ ያለው ገበሬ አንድ ጠብታ አልጨመረም፤ ከታች ያለው ግን 2 ሺህ ሜትር ኪዩብ ቀርቶበታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም። በአሜሪካዋ ካንሳስ ገበሬዎች ቆጣቢ የመርጫ አፍንጫ ሲገጠምላቸው ከጉድጓዱ የሚስቡት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ይህ ሲባል ጠብታ መስኖ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ተመላሹ ውሃ ጨው ይዞ ወደማይጠቅም ቦታ የሚገባ ከሆነ ቁጠባው እውነተኛ ነው። ሰብል ውሃውን ይጠጣል፣ ጨውን ይተወዋል፤ ከተጠለፈው ግማሹ ከተነነ የቀረው ጨውነት እጥፍ ይሆናል። የበሰቃ ሐይቅ ለዚህ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የመስኖ ተመላሽ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ባለሙያዎች ቢከራከሩም፣ ጨዋማው ውሃ በቦይ አዋሽ ውስጥ እየተለቀቀ ለታችኛው ተጠቃሚ ሌላ ራስ ምታት መሆኑ አያከራክርም። በእንዲህ ያለ ቦታ ጠብታ ይግባ፤ ፈቃዱ ግን በተጠለፈው ሳይሆን በሚለማው ሄክታር ይገደብ።

«10 በመቶ ለወንዙ» የሚለው ከየት እንደመጣ ጸሐፊው አልገለጹም፤ ምንጩ ቴናንት የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው መስፈርት ይመስላል። በዚያ መስፈርት 10 በመቶ ማለት ዓሣው ለአጭር ጊዜ ሳይሞት የሚቆይበት የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን ነው፤ ደህና ኑሮ የሚጀምረው ከ30 በመቶ ወዲህ ነው። መስፈርቱም የተሠራው በአሜሪካ ወንዞች ላይ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን በዓመታዊ መጠን መያዙ ነው። የ4.9 ቢሊዮን 10 በመቶ 490 ሚሊዮን ነው። በነሐሴ በሰከንድ 500 ሜትር ኪዩብ የሚወርድ ጎርፍ ይህን በ11 ቀን ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ወንዙ እስከ ሰኔ ቢደርቅ እንኳ በሂሳቡ «ለአካባቢ የተመደበው ተሟልቷል»።

አቤ ሐይቅ ገብቶ በከንቱ ይተናል ስለሚባለው፦ አዋሽ ባሕር አይደርስም። የትም ቢጠለፍ መጨረሻው ትነት ነው፤ ወንጂ አገዳ ላይም፣ ገዋኔ ሣር ላይም። ስለዚህ ጥያቄው ይባክናል ወይስ አይባክንም ሳይሆን የት ይተናል፣ ማን ተጠቅሞበት ነው። ወንዙ አቤ ከመድረሱ በፊት አሚባራን፣ የገዋኔን ረግረግና የበጋ ግጦሽ፣ ተንዳሆን፣ አሳይታን፣ ገመሪንና አፋምቦን ያልፋል። የአፋር ከብት በበጋ የሚውለው ጎርፉ ረግጦት የሄደው ሜዳ ላይ ነው። ረግረጉ ብዙ ውሃ እንደሚያተን እኔም አልክድም፤ በአንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ አገዳ ከረግረጉ የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል ብሎ መከራከርም ይቻላል። ያ ግን የፖለቲካና የድርድር ጉዳይ ነው፤ «ብክነት» በሚል ቃል አስቀድሞ የሚዘጋ ሂሳብ አይደለም።

ጫፍ ላይ ያለ ሐይቅ ሲረሳ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዳማ ወደ ደቡብ የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ዝዋይ ሞልቶ የሚፈሰው በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ አብያታ ነው። ዙሪያውን ሞተር በዛ፣ አብያታ ላይ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካው ራሱ ይስብ ነበር። ዛሬ አብያታ ከግማሽ በላይ ስፋቱ ሄዷል። የዝዋይ ገበሬ እያንዳንዱ የወሰደው ጥቂት ነው፤ «ትርፍ» የተባለው ውሃ ግን የአብያታ ዋና ምግቡ ነበር።

ለላይኛው ተፋሰስ ተጠቃሚ አይፈቀድ አላልኩም። በክረምት ከአሁኑ የበለጠ መውሰድ የሚችልባቸው ወራት እንዳሉ ወርሃዊው ስሌት ራሱ ያሳያል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። መለወጥ ያለበት የፈቃዱ አጻጻፍ ነው። «ዓመቱን ሙሉ 40 ሊትር በሰከንድ» የሚል ፈቃድ በነሐሴ ያለምክንያት ይከለክላል፣ በየካቲት የሌለ ውሃ ይሰጣል። ከቆቃ በታች ላለ 40 ሄክታር ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም 60 ሊትር፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 40፣ ከጥር እስከ ሰኔ 25፤ የሚለማው መሬት ከ40 ሄክታር አይበልጥም፤ መስከረም 30 በሚደረገው የሐይቅ ልኬት ክምችቱ ከተወሰነው መስመር በታች ከሆነ የጥር እስከ ሰኔው ድርሻ በሩብ ይቀንሳል። ከቆቃ በላይ ላለው ደግሞ መስመሩ የሐይቁ ክምችት ሳይሆን ሆምቦሌ ላይ የሚለካው ፍሰት ይሁን። መስከረም 30 የተመረጠው ክረምቱ ስላበቃ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሐይቁ የሚገባ ብዙ የለም። ገበሬውም የበጋውን የሽንኩርት ዘርና ማዳበሪያ ገና አልገዛም።